ለአሮጌ መኪና የባትሪ ገመድና ተርሚናል፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

የባትሪ ተርሚናል ሲዝግ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ባለ ሁለት ቡሎኑን ተርሚናል ነው። የተቆረጠው ገመድ ከአንዲት ጠፍጣፋ ብረት ሥር ይገባል፣ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ አለቀ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለመግጠም ጊዜ አይወስድም፣ መኪናውም ወዲያው ይነሳል። ለዚህ ሥራ ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ በቅድሚያ መቅረት ያለበት ግን እሱ ነው። ምክንያቱን ከታች በዝርዝር እናያለን፤ ባጭሩ ግን ዓይን የሚያየውን ዝገት አንስቶ ገመዱ ውስጥ ያለውን እዚያው ይተወዋል፣ ለአዲስ ዝገትም በር ይከፍታል።

ይህ ግምገማ ገመዶችን፣ ተርሚናሎችን፣ በገመድ ጫፍ የሚጨመቁትን የመዳብ ላጎች፣ መጭመቂያ መሣሪያዎችንና መከላከያ ቅባቶችን ይመዝናል። መመዘኛው አንድ ነው፦ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲጎትት የባትሪው ቮልት ሳይጎድል ይደርሳል ወይ? ዛሬ ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም?

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

ከላይ የዛገ ሁሉ መቀየር የለበትም፤ ከላይ ንጹሕ የሆነም ሁሉ ደህና አይደለም። የሚለየው ቴስተር ነው። ቴስተሩን በኦም አድርጎ ገመዱን መለካት ግን ጊዜ ማባከን ነው። ገመዱ ውስጥ ካሉት ብዙ የመዳብ ክሮች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ቢተርፉም ቴስተሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያሳያል፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የሚያሳልፈው ከረንት እጅግ ትንሽ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፣ ናፍጣ ደግሞ ከዚያም በላይ። 150 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖር 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 225 ዋት የሚሆን ሙቀት ማለት ነው። ቁልፍ ሲዞር «ጣቅ» ብሎ ዝም የሚል መኪና፣ ነክተው ሲያዩት የሚያቃጥል ተርሚናል፣ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ የሚለካው በሥራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩን በ20 ቮልት ዲሲ ያድርጉ። በመጀመሪያ ባትሪውን ብቻውን ይለኩ፦ ሙሉ የሆነና ያረፈ ባትሪ ከ12.6 ቮልት አያንስም፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ወደ 12.0 ከወረደ ቀድሞ ቻርጅ ይደረግ። ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሳ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ወይም የኮይሉን ሶኬት ይንቀሉ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ያህል ያዙር፣ እርስዎ ይለኩ።

ለፖዘቲቭ መስመር የቴስተሩ ቀይ ጫፍ የባትሪው ፖል (ተርሚናሉ የሚጨብጠው የእርሳስ ምሶሶ) ላይ፣ ጥቁሩ ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ ይሁን። ቀዩን ፖሉ ላይ እንጂ ተርሚናሉ ላይ እንዳያሳርፉት፤ ተርሚናሉ ላይ ካረፈ ዋናው መጋጠሚያ ከልኬቱ ውጭ ይሆናል። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ ታሟል። ለማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ወደ ኔጋቲቭ ለሚመለሰው መስመር፣ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ፖል ላይ፣ ቀዩን ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ አድርገው ይድገሙት፤ እዚህ ከ0.3 በላይ መሆን የለበትም። ቀጥሎ አንድ ጫፍ ፖሉ ላይ፣ ሌላው ራሱ ፖሉን የጨበጠው ተርሚናል ላይ። ይህ ከ0.1 ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ መጋጠሚያው ላይ ነው፣ ምናልባት ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። መጋጠሚያው ንጹሕ ሆኖ መስመሩ በጠቅላላ ቮልት የሚያጎድል ከሆነ ግን ገመዱ ከውስጥ በስብሷል፣ የተርሚናል ለውጥ አያድነውም።

ዝገቱ የቱ ነው?

ነጩ ዱቄት በአብዛኛው አሲዱ ከእርሳሱ ጋር የፈጠረው ሰልፌት ነው። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ግን የሚበላው የገመዱ መዳብ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። አሲዱ ከፖሉ ሥር ካለው ማሸጊያና ከባትሪው መተንፈሻ ይወጣል፤ ባትሪው ከልክ በላይ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ የአሲድ ጠብታ ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዲናሞውን ሳይለኩ አዲስ ገመድ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ፖሎች መካከል ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት አካባቢ ይጠበቃል። ውኃ የሚጨመርበት ተራ ባትሪ ያለማቋረጥ 15 እና ከዚያ በላይ ከተሰጠው የዲናሞው ተቆጣጣሪ ተበላሽቷል፣ የሚገዙት ማንኛውም ተርሚናልም ዕጣው እንደ አሮጌው ነው።

ገመዱ ውስጥ የሚሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። አሲዱ በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች መካከል፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው፣ በልባሱ ሥር እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል። ከተርሚናሉ ራቅ ብሎ ልባሱ ያበጠበት፣ ሲታጠፍ እንደ መንጫጨት የሚል ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ቦታ ካለ አሲዱ እዚያ ደርሷል። በቢላ ልባሱን በቁመቱ ሰንጥቀው ይክፈቱት። ጤነኛ መዳብ ብርቱካናማና አንጸባራቂ ነው፤ የታመመው መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል፣ በጥፍር ሲነካ ክሩ ይበጣጠሳል። የጠቆረ መዳብ ላይ ላግ መጭመቅ አይሠራም፤ ጥቁሩ ሽፋን በክሮቹ መካከል ተጨምቆ ይቀራል፣ መጋጠሚያውም ገና ከመጀመሪያው ቀን ቮልት ይበላል። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ገመዱ ካጠረ ሙሉውን መቀየር ነው እንጂ መቀጠል አይደለም።

ገመዱ፦ መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም?

በገበያ ላይ ያለው ትልቁ ማታለያ እዚህ ነው። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከውጭ ሲያዩት መዳብ ነው፤ ውፍረቱም ያው ነው፤ ከረንት የማሳለፍ ዐቅሙ ግን የንጹሕ መዳብን ዐቅም 60 በመቶ ያህል፣ ከዚያም ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። ስለዚህ «35 ካሬ ሚሊሜትር» ተብሎ የተሸጠው እንዲህ ያለ ገመድ የሚሠራው እንደ 22 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነው። ይህም ሳያንስ አሲድና እርጥበት ባለበት ቦታ የተቆረጠው ጫፉ ላይ አሉሚኒየሙና መዳቡ ጎን ለጎን ስለሚጋለጡ አሉሚኒየሙ በፍጥነት ይበላል። ለድምፅ ማጉያ ይሁን፤ ለሞተሪኖ ግን አይገዛም።

መለያው ሚዛን ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው የ35 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ፣ ልባሱ ሳይቆጠር፣ 310 ግራም ያህል ይመዝናል። በመዳብ የተለበጠው አሉሚኒየም ከ115 እስከ 130 ግራም አካባቢ ነው። ልባሱ ቢጨመርም ልዩነቱ በእጅ ሲያዝ ይታወቃል። ሌላው መንገድ አንዱን ክር በቢላ ጠርዝ መፋቅ ነው፦ ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ብርማ ከሆነ ይተዉት። ላዩ ብርማ፣ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን በተቃራኒው ምርጡን ይዘዋል፤ ቲን የተቀባ መዳብ ነው፣ ለመርከብና ለጀልባ የሚሠራ፣ ዝገትን ከሁሉ በተሻለ የሚቋቋም።

ስለ ውፍረት፦ 200 አምፔር በ1.5 ሜትር የመዳብ ገመድ ሲያልፍ በ16 ካሬ ሚሊሜትር 0.32 ቮልት፣ በ25 ካሬ 0.21፣ በ35 ካሬ 0.15 ይጎድላል። ለአነስተኛ የቤንዚን ሞተር አጭር መስመር 25 ይበቃል፤ እኛ ግን 35ን እንመርጣለን፣ ምክንያቱም ዋጋው ብዙም ሳይለይ ለመጋጠሚያዎቹ እርጅና ትርፍ ይሰጣል። ለናፍጣ 50 ይሁን። ባትሪው ከኋላ ሻንጣ ቤት ያለባቸው መኪኖች መስመራቸው ብዙ ሜትር ስለሆነ ከ50 በታች አይታሰብም። ከዚያ በላይ ማወፈር ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ገመዱ አልታጠፍ ብሎ ፖሉን እየጎተተ ማሸጊያውን ያላላዋል። የማሳው ገመድ ደግሞ ከፖዘቲቩ ሊቀጥን አይገባም፣ ያንኑ ከረንት የሚመልሰው እሱ ነው። ይህን እየረሱ ቀዩን ብቻ የሚያወፍሩ ብዙ ናቸው።

የብየዳ ገመድ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ንጹሕ መዳብ እስከሆነ። ክሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በጠባብ ቦታ በደንብ ይታጠፋል፣ የሞተር ንዝረትንም ይችላል። የጎማው ልባስ ግን ሁልጊዜ ዘይትና ነዳጅ የሚቋቋም ስላልሆነ ሞተሪኖ አጠገብ፣ በተለይ ዘይት በሚያንጠባጥብ ሞተር ሥር፣ የተቦረቦረ ፕላስቲክ ቱቦ ይልበስ።

ተርሚናሎቹ፣ ከምርጡ ወደ መጥፎው

ለመኪናዎ ሞዴል ተሠርቶ የሚሸጥ፣ ሁለቱም ጫፉ በፋብሪካ የተዘጋ ሙሉ ገመድ ካገኙ ፍለጋው እዚያ ያብቃ። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ወደ ሻሲ የምትሄደው ቀጭኗ ገመድ ተያይዛ ትመጣለች፣ ማሰሪያ ክሊፖቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ብቸኛው ጥንቃቄ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው፤ ተመሳስለው ከተሠሩት አንዳንዶቹ ልባሳቸው ወፍሮ መዳቡ የቀጠነ ነው። ሚዛኑ እዚህም ይሠራል።

ቀጥሎ ባለ ምሶሶ ቡሎን ተርሚናል፣ «ሚሊታሪ» የሚሉት። ፖሉን ይጨብጣል፣ በጎኑ በቆመው ቡሎን ላይ ደግሞ ላግ ያላቸው ገመዶች ተደራርበው ይታሰራሉ። ለአሮጌ መኪና ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው፣ ምክንያቱም በአሮጌ መኪና ፖዘቲቭ ላይ የሞተሪኖው፣ የዲናሞው፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ በየጊዜው የተጨመሩትም መብራቶች ገመዶች ይገናኛሉ። ወፍራሙ ከታች፣ በቀጥታ ተርሚናሉ ላይ ይሁን፤ ቀጭኖቹ በላዩ። በገመዱና በተርሚናሉ መካከል ሮንዴላ አይገባም፤ ሮንዴላው ከሁሉ በላይ፣ ከዳዶው ሥር ነው። ብረት ሮንዴላ መሐል ሲገባ ሞተሪኖው የሚስበው ከረንት ሁሉ በእሱ እንዲያልፍ ይገደዳል። ቡሎኑ ስለሚረዝም ኮፈኑ ሲዘጋ እንዳይነካው ይለኩ፣ ፖዘቲቩንም በጎማ ክዳን ይሸፍኑት።

እርሳስ ወይስ ናስ? እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ ከፖሉ ቅርጽ ጋር ይስማማል፣ አሲድም አይፈራም፤ ከልክ በላይ ከተጠበቀ ግን ይለጠጣል፣ ተመልሶም አይጨብጥም። ቲን የተቀባ ናስ ይጠነክራል፣ ደጋግሞ መፍታትን ይችላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የማይገዛው ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸውና አንጸባራቂ ሽፋን የተቀባው ነው። ቀላል ነው፣ ሲጠብቅ ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ሽፋኑ የተላጠ ቀንም ይቦካል።

በእጀታ የሚከፈት ተርሚናል ፖሉ ልኩ ከሆነ ይሠራል፤ የመጨበጫ ኃይሉ ግን በምላሱ የተወሰነ ስለሆነ ፖሉ ትንሽ ካለቀ የሚያስተካክሉበት የለም። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ማቋረጫ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ለሚቆም መኪና ኔጋቲቭ ላይ ይጠቅማል። ከረንቱ የሚያልፍበት ገጽ ግን ጠባብ ነው፣ ቁልፉም በንዝረት ይላላል፤ ለናፍጣ አንመክረውም።

አሁን ወደ ባለ ሁለት ቡሎኑ። ጠፍጣፋዋ ብረት የምትጨብጠው የላይኞቹን ክሮች ነው፤ የታችኞቹና የጎኖቹ ልቅ ሆነው ይቀራሉ። መዳብ በጫና ሥር ቀስ በቀስ ቦታ ስለሚለቅ በሚቀጥሉት ሳምንታት መጨበጫው ይላላል፣ እንደገና ማጥበቅ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተላጠው መዳብ ከአሲዱ ምንጭ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ያለ ምንም መሸፈኛ መቅረቱ ነው፤ ያ የኩራዝ ክር የተባለው ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል። ቡሎኖቹም ብረት ስለሆኑ ለመፍታት ሲፈለጉ ዝገው ይሰበራሉ። መንገድ ላይ ለቀረ መኪና ቤት እስኪደርስ ያገለግላል። ከዚያ ያለፈ ዕድሜ አይሰጠው።

ሰው ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር የፖሉ ልክ ነው። በብዛት የሚታወቀው ወፍራሙ ፖል ከላይ ሲለካ ፖዘቲቩ 17.5፣ ኔጋቲቩ 15.9 ሚሊሜትር ያህል ነው። በትንንሽ የጃፓን መኪኖች ባትሪዎች ላይ ያለው ቀጭኑ ደግሞ 14.7 እና 13.0 ነው። ወፍራም ተርሚናል ቀጭን ፖል ላይ ሲታሰር ሁለቱ የመጨበጫ ጫፎች ይገናኛሉ፤ ቡሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ተርሚናሉ ግን በእጅ ይዞራል። ከጠበቀ በኋላ በሁለቱ ጫፎች መካከል ክፍተት መቅረት አለበት። ካልቀረ ልኩን ተርሚናል መግዛት፣ ካልተገኘም የእርሳስ እጅጌ ማልበስ ነው። ምስማር መወተፍ፣ የሲጋራ ፎይል መጠቅለል መፍትሔ አይደለም።

ላግና መጭመቂያው፣ ሥራው የሚወሰንበት ቦታ

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ካለ እዚህ ነው። ውድ ተርሚናል ላይ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ላግ ከማሰር፣ ተራ ተርሚናል ላይ በደንብ የተጨመቀ ላግ ማሰር ይሻላል።

ጥሩ ላግ ከወፍራም የመዳብ ቱቦ የተሠራና ቲን የተቀባ ነው፤ የቀለበቱ ጎን ደግሞ ድፍን ነው። ብዙዎቹ ላጎች ገመዱ እስከ ጫፍ መግባቱ የሚታይባት ቀዳዳ አላቸው፤ ለቤት ኤሌክትሪክ ሳጥን ጥሩ ናት፣ ባትሪ አጠገብ ግን አሲድ የሚገባባት በር ናት። ድፍኑን ካላገኙ ቀዳዳዋን በኋላ የሚለብሰው በሙቀት የሚሰበሰብ ቱቦ እንዲሸፍናት ያድርጉ። ከተጠቀለለ ሳህን ብረት የተሠራ፣ በጎኑ ስፌት የሚታይበትን ላግ ይተዉ፤ ሲጨመቅ ስፌቱ ይከፈታል። የቀለበቱ ቀዳዳም ልክ ይሁን። ሞተሪኖ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ነው፣ በትልልቅ ናፍጣዎች 10። ለ8 ቡሎን የ10 ላግ መግዛት የሚነካካውን ገጽ ይቀንሳል።

ከመሣሪያዎቹ ተመራጩ ባለ ስድስት ማዕዘን ጥርስ ያለው የእጅ ሃይድሮሊክ መጭመቂያ ነው። ከርካሾቹም ቢሆን ኃይሉ ይበቃል። ችግራቸው ጥርሶቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ «35» የተባለው ጥርስ ለያዙት ላግ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ሰፋ ካለው ጥርስ ተነሥተው ወደሚጠበው ይውረዱ። ላጉ በሁለት ጎን እንደ ክንፍ ያለ ትርፍ ካወጣ ጥርሱ ጠቧል። መጀመሪያ አንድ ላግ ለሙከራ ይሠዉ፦ ጨምቀው መሐሉን በብረት መጋዝ ይቁረጡት፣ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት አልስልሰው ይመልከቱ። በትክክል ተጨምቆ ከሆነ ክሮቹ ክብነታቸውን ትተው እርስ በርስ ተጣብቀው የማር እንጀራ መስለው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ጥቁር ክፍተት የለም። ነጥብ ነጥብ ክፍተት ከታየ ጥርሱ ሰፍቷል። ይህን ያደረገ ሰው የቀሩትን በልበ ሙሉነት ይጨምቃል።

ረጅም እጀታ ያለው የእጅ መጭመቂያም እስከ 35 ካሬ ጥሩ ይሠራል። በመዶሻ የሚመታው ዓይነት ለአንድ ሁለት ላግ ያገለግላል፣ ወጥነት ግን የለውም፤ አመታቱ ሲያጋድል ላጉ ይጣመማል። በፒንሳና በሞርሳ መጨፍለቅ ከናካቴው አይሆንም።

በእርሳስ መበየድስ? ብቻውን አይበቃም። ቀልጦ የገባው እርሳስ በክሮቹ መካከል ወደ ላይ ይሳባል፣ የቆመበት ቦታ ላይ ገመዱ ድርቅ ይላል፣ ንዝረትም ልክ እዚያው ጋ ይሰብረዋል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚውለው የቲንና የእርሳስ ቅልቅል በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ መቅለጥ ይጀምራል፤ የላላ መጋጠሚያ አጠገብ ሙቀቱ ከፍ ሲል የሚለሰልሰው እሱ ነው። በደንብ የተጨመቀ ላግ ላይ እርሳስ መጨመርም አያስፈልግም።

አሠራሩ ይህ ነው። ርዝመቱን በገመድ ሳይሆን በቀጭን ሽቦ በመንገዱ ሁሉ አስኪደው ይለኩ፤ ሞተር በላስቲክ ማረፊያው ላይ ስለሚወዛወዝ ጥቂት ሴንቲሜትር ልል ይተዉ። ልባሱን የላጉን ጥልቀት ያህልና 1 ወይም 2 ሚሊሜትር አስበልጠው ይላጡ፣ ክር ሳይቆርጡ። አንዱን ጫፍ ይጨምቁ። ሁለተኛውን ከመጨመቅዎ በፊት ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ በሙቀት የሚሰበሰቡት ቱቦዎች ገመዱ ላይ መግባታቸው፤ ሁለቱም ጫፍ ካለቀ በኋላ በላጉ ላይ አያልፉም። ሁለተኛው፣ የላጎቹ አቅጣጫ። ወፍራም ገመድ በእጅ አይጠመዘዝም፣ ስለዚህ ገመዱን መኪናው ላይ በቦታው አስኪደው ላጉ የሚተኛበትን ጎን በእስክሪብቶ ያመልክቱ፣ ከዚያ ይጨምቁ።

ቱቦው ውስጡ ሙጫ ያለበት፣ ወደ ሲሶው የሚሰበሰብ ይሁን። 5 ሴንቲሜትር ይበቃል፦ ግማሹ የላጉን ቱቦ፣ ግማሹ ልባሱን ይሸፍን። ሲሞቅ ዙሪያውን ሙጫው ትንሽ ብቅ ካላለ አልታሸገም፣ ሙቀት ይጨምሩ። ሙጫ የሌለው ርካሹ ቱቦ ያምራል እንጂ አያሽግም፤ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል። ቴፕም እንዲሁ።

አሮጌ መኪና ላይ ብቻ የሚገጥሙ ነገሮች

በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ፖዘቲቭ ተርሚናል ላይ የሚንጠለጠለው አጭር ገመድ ተራ ገመድ አይደለም፤ ከረንት ሲበዛ ራሱ ቀልጦ የሚያቋርጥ የመስመር ፊውዝ ነው። ዝጎ ከተገኘ በዚያው ዓይነትና ልክ ይቀየር። በተራ ሽቦ ከተቀየረ በቀጣዩ ንክኪ የሚቃጠለው የመኪናው ሙሉ የሽቦ ሥራ ነው።

ከሞተር ወደ ሻሲ የሚሄደው ሽሩባ የማሳ ገመድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሱ ሲበጠስ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም የነዳጅ መስጫውን ወይም የማርሹን የብረት ገመድ ያገኛል፤ ቁልፍ ሲዞር እነዚህ የሚግሉ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የማሳው ማሰሪያ ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ይጸዳ፤ አዲስ ገመድ በቀለም ላይ ማሰር ከንቱ ነው።

ሲፈቱና ሲያስሩ

ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል። መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይፈታል፣ መጨረሻ ኔጋቲቩ ይታሰራል። ምክንያቱ መፍቻው ነው፦ ፖዘቲቩን ሲፈቱ መፍቻው አካሉን ቢነካ፣ ኔጋቲቩ ከተፈታ ምንም አይሆንም። ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር በታሰረባቸው አንዳንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈታው ፖዘቲቩ ነው። የሬዲዮ ኮድ ካለ ቀድመው ይያዙት። ተርሚናሉ አልወጣ ካለ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፣ የፖሉ ማሸጊያ ይላቀቅና የአሲድ መፍሰሻ ይሆናል፤ ቡሎኑን ፈትተው ጆሮዎቹን ከፈት ያድርጉ ወይም ማውጫ ይጠቀሙ።

ዝገቱን በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጠቡት፤ አረፋው ሲያቆም አሲዱ አልቋል። የባትሪው ክዳኖች ይዘጉ፣ ሶዳው ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሻል። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁ፣ ፖሉን በባለ ሁለት ጎን የሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ይፈግፍጉ። ተርሚናሉ በመዶሻ ሳይመታ እስከ ታች ይግባ። ቡሎኑን በአጭር መፍቻ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ያጥብቁ፤ ለባለ 6 ሚሊሜትሩ ቡሎን 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ በቂ ነው።

ቅባቱ የሚመጣው ከጠበቀ በኋላ ነው። ቫዝሊን ጥሩ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ስለሚፈስ ይታደሳል። የሲሊኮን ግራሶ ይበልጥ ይቆያል። ባለ ቀለም ስፕሬይ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፣ ሲሰነጠቅም ስለሚታይ ይመቻል። ተርሚናሉ ከመግባቱ በፊት ፖሉ ሥር የሚቀመጡት ቀይና አረንጓዴ የፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ መሰል ጨርቅ) ቀለበቶች ርካሽ ናቸው፣ ከፖሉ ሥር የሚወጣውን አሲድ እዚያው ይይዛሉ፤ እንመክራቸዋለን። «ከረንት ያሻሽላል» የሚባል የመዳብ ግራሶ ግን ከፖል ወደ ፖል እንዳይዘረጋ መጠንቀቅ ስለሚያስፈልግ ለዚህ ቦታ አንመርጠውም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ያንኑ ልኬት ይድገሙ። በ35 ካሬ መዳብ፣ በተጨመቀ ላግና ልኩ በሆነ ተርሚናል የተሠራ አጭር መስመር በፖዘቲቭ በኩል ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት፣ በማሳ በኩል ከ0.2 በታች ማሳየት አለበት። ሞተሪኖው ሲጎትት የባትሪው የራሱ ቮልት ከ9.6 በታች ከወረደ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመረመሩት ባትሪውና ሞተሪኖው ናቸው። የእርሳስ ተርሚናል ከገጠሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተርሚናሉን በእጅ ለማዞር ይሞክሩ፤ ከተንቀሳቀሰ ሩብ ዙር ያህል ያጥብቁትና ቅባቱን ይመልሱ።